የሞተ ምክንያት፣ ያልሞተ ልማድ፦ ቴሌቪዥን የኮምፒውተርን ጠርዝ የሚቆርጠው ለምንድን ነው?

ላፕቶፕን ከቴሌቪዥን ጋር በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት ዛሬ ተራ ነገር ሆኗል። በቢሮ ሪፖርት ለማቅረብ፣ በአዳራሽ ሥልጠና ለመስጠት፣ በቤት ፊልም ለማየት ገመዱ ይሰካል፤ ምስሉም ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ሙሉ ሆኖ አይመጣም። ከታች ሰዓቱን የያዘው ታስክባር ወገቡ ላይ ተቆርጧል። ከላይ መስኮቱን የሚዘጋው የኤክስ ምልክት ከስክሪኑ ውጭ ሆኗል። በግራ በኩል የሰንጠረዡ ተራ ቁጥር የለም። ሰው ገመድ ይቀይራል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፤ በመጨረሻም ወይ ባለሙያ ይጠራል፣ ወይ «ይሄ ቴሌቪዥን ለኮምፒውተር አይሆንም» ብሎ ይተወዋል።

ቴሌቪዥኑ ግን ጤነኛ ነው። ጠርዙን የሚቆርጠው፣ የተረፈውንም ለጥጦ ስክሪኑን የሚሞላው ታዝዞ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ከሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት ለነበረ ችግር መፍትሔ እንዲሆን ነበር። ችግሩ ጠፋ፤ ትእዛዙ ግን አልተሻረም። መሐንዲሶች ይህን ልማድ «ኦቨርስካን» ይሉታል። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ደንብ ምክንያቱ ከሞተ በኋላ እንዴት በሕይወት እንደሚቆይና ዕዳውን ማን እንደሚከፍል በግልጽ ያሳያል።

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የማይጸናው ብዕር

ታሪኩ የሚጀምረው ከመስታወት ቱቦ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ፈርዲናንድ ብራውን በ1897 የኤሌክትሮን ጨረር፣ ሲመታ በሚያበራ ቅባት በተሸፈነ ገጽ ላይ እንዲያርፍና በማግኔት ኃይል እንዲንቀሳቀስ አደረገ። መሣሪያው የተሠራው የኤሌክትሪክ ሞገድን ለማጥናት ነበር። በ1926 መጨረሻ ጃፓናዊው ኬንጂሮ ታካያናጊ እንዲህ ባለ ቱቦ ላይ አንድ የጃፓን ፊደል በምስል አሳየ። በሴፕቴምበር 1927 አሜሪካዊው ፊሎ ፋርንስዎርዝ በሳንፍራንሲስኮ ከካሜራው እስከ መቀበያው በኤሌክትሮኒክስ ብቻ በሚሠራ ቴሌቪዥን የአንዲት መስመርን ምስል አስተላለፈ። በኖቬምበር 1936 ቢቢሲ ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ ሥርጭቱን ጀመረ። አሜሪካ በ1941 ምስልን በ525 መስመር የሚከፍለውን ደረጃ ያዘች። አብዛኛው አውሮፓ ከጦርነቱ በኋላ ባለ 625 መስመሩን መረጠ፤ ኢትዮጵያም በኋላ የተቀላቀለችው ይህንኑ የ625 መስመር ቤተሰብ ነው።

የቱቦው አሠራር ከጽሕፈት ጋር ይመሳሰላል። ጨረሩ ብዕር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ተመልሶ ቀጣዩን ይጽፋል፤ ግርጌ ሲደርስ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህን በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ያደርጋል። ዓይን ፍጥነቱን ስለማይከተል ተመልካቹ አንድ ሙሉ ምስል ያይ ይመስለዋል።

ችግሩ ብዕሩን የያዘው እጅ የሚንቀጠቀጥ መሆኑ ነበር። በቀደሙት ቴሌቪዥኖች የቤቱ ኤሌክትሪክ ሲዳከም ጨረሩን የሚመሩት ማግኔቶችም ስለሚዳከሙ ምስሉ ይኮማተራል። ትዕይንቱ ሲደምቅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ጨረሩ ብዙ ኃይል ሲስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ የኤሌክትሮኖቹ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነታቸው የቀነሰውን ኤሌክትሮኖች ማግኔቱ አብዝቶ ያጎብጣቸዋል፤ ምስሉም ያብጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ዕቃው ሲሞቅ አንድ መጠን፣ ሲቀዘቅዝ ሌላ መጠን፣ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ሦስተኛ መጠን ይኖረዋል። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ቴሌቪዥኖች እንኳ እኩል አያሳዩም።

ጀርባው ያበጠውን የድሮ ቴሌቪዥን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መብራት ሲዋዥቅ ምስሉ ጠበብ ሰፋ ሲል፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ስታብላይዘር ማስቀመጥ ግድ ሲሆን፣ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ከማይጸና ብዕር የመጣ ነበር።

የመስታወቱ ቅርጽም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ የተሸጡት ብዙ ቴሌቪዥኖች የምስል ቱቧቸው ክብ ነበር። አራት ማዕዘን ምስል በክብ መስታወት ላይ ሲያርፍ አንዱ ለሌላው መሸነፉ አይቀርም። ዜኒት የተባለው ኩባንያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ግድም ክቡን መስታወት ዳር እስከ ዳር የሚሞላ ቴሌቪዥን ለገበያ አቅርቦ ነበር። ስክሪኑ ትልቅ መሰለ፤ የምስሉ አራቱ ማዕዘኖች ግን ከመስታወቱ ውጭ ቀሩ። ገዢው ቅር አላለውም፤ በማዕዘኑ ምን እንደነበረ አላየማ።

2. ሦስት ወገኖች የተስማሙበት ቁርጥ

አምራቾች በፊታቸው ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ምስሉን ከመስታወቱ አሳንሶ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ መተው ነው። ያኔ ምስሉ ሲኮማተርና ሲያብጥ ጠርዙ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ገዢውም «የገዛሁት ስክሪን አልሞላም» ብሎ ያማርራል። ሁለተኛው ምስሉን ከመስታወቱ አስበልጦ መሳልና የተረፈውን ከክፈፉ ጀርባ መደበቅ ነው። ያኔ ምስሉ ትንሽ ቢኮማተር እንኳ መስታወቱ ሙሉ እንደሆነ ይቆያል። አምራቾቹ ሁለተኛውን መረጡ። የሚደበቀው መጠን ከቴሌቪዥን ቴሌቪዥን ቢለያይም በየጎኑ ከምስሉ አምስት በመቶ ያህል መጥፋቱ የሚጠበቅ ነገር ነበር።

ሥርጭት ጣቢያዎችም ቀጥለው ራሳቸውን አስማሙ። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን መሐንዲሶች ማኅበር ለባለሙያዎች ሁለት ክልል አሰመረ። ዋናው ድርጊት ከምስሉ ወርድና ቁመት በ90 በመቶው ውስጥ እንዲሆን፣ ጽሑፍ ደግሞ በ80 በመቶው ውስጥ እንዲቀመጥ መከረ። ሒሳቡ ሲሠራ 80 በመቶ ወርድ በ80 በመቶ ቁመት ሲባዛ 64 በመቶ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ከጠቅላላው ምስል ከሲሶ በላይ የሚሆነው ለጽሑፍ የማይታመን መሬት ተብሎ ተተወ። በካሜራ መመልከቻዎችና በስቱዲዮ ስክሪኖች ላይ እነዚህን ክልሎች የሚያሳዩ መስመሮች ተሰመሩ። የድሮ ፊልም መጨረሻ ላይ የተዋንያን ስም መሐል ላይ ተሰብስቦ የሚታየው፣ የዜና አንባቢው ስም ከግርጌው ከፍ ብሎ የሚጻፈው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከአጥር ውጭ የሆነ መሬት ደግሞ ውሎ አድሮ ዕቃ መጣያ ይሆናል። ማንም የማያየው ጠርዝም እንዲሁ ሆነ። ቢቢሲ በ1974 ሲፋክስ የተባለውን የጽሑፍ አገልግሎት ሲጀምር መረጃውን የጫነው ከሚታየው ምስል በላይ ባሉት መስመሮች ላይ ነበር። አሜሪካ በ1980 መስማት ለተሳናቸው ተመልካቾች የጽሑፍ መግለጫ ማስተላለፍ ስትጀምር በ21ኛው መስመር ላይ አስቀመጠችው። ቪኤችኤስ ካሴትም የራሱ ጉድፍ ነበረው። የማጫወቻው ማንበቢያ ራሶች ተራ ሲቀያየሩ በምስሉ ግርጌ የተጣመመና የሚንቀጠቀጥ ክር ይፈጠራል። ዛሬ በአገር ቤትም በውጭም የድሮ የሠርግና የክርስትና ካሴታቸውን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገለብጡ ቤተሰቦች ይህን ክር ሲያዩ ካሴቱ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ክሩ ግን ከመጀመሪያውም ነበረ። ሳሎን የነበረው ወፍራም ቴሌቪዥን ነው ሲሸፍነው የኖረው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው፤ ይህ ቁርጥ በዘመኑ ፍትሐዊ ነበር። አምራቹ እንደሚቆርጥ ያውቃል። ጣቢያው እንደሚቆረጥ ያውቃል፤ ስለዚህ በጠርዙ ላይ የሚያስቆጭ ነገር አያስቀምጥም። ተመልካቹ ባያውቅም የሚያጣው የለም፤ የተቆረጠው ሰማይና ግድግዳ ነው። ሦስቱም ወገኖች ሳይፈራረሙ የተስማሙበት፣ ማንንም የማይጎዳ ደንብ ነበር። የደንቡ ጤንነት ግን በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነበር፤ ምስል የሚልክ ሁሉ ስለ ቁርጡ አስቀድሞ ማወቁ ላይ።

3. ያልተጋበዘው አራተኛ ወገን

በ1970ዎቹ መጨረሻ ይህን ስምምነት የማያውቅ እንግዳ ሳሎን ገባ። አፕል ሁለት በ1977፣ ዜድኤክስ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 ደግሞ በ1982 ለገበያ ሲቀርቡ ለቤት ኮምፒውተር የተለየ ስክሪን መግዛት ውድ ነበር። ቤት ያለው ቴሌቪዥን ነው። ኮምፒውተሩ ከአንቴናው ቀዳዳ ጋር ተገናኘና ቴሌቪዥኑ የማያ ሥራ ተሰጠው።

የኮምፒውተር ምስል ከፊልም ምስል በአንድ ነገር ይለያል። ለፊልም ጠርዝ ማለት ማለቂያ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ጠርዝ መጀመሪያ ነው። የጽሑፍ የመጀመሪያ ፊደል በግራ ጠርዝ ይቀመጣል። የመጀመሪያው መስመር በላይኛው ጠርዝ ይጻፋል። የኋላ ኋላም ሜኑው፣ ሰዓቱ፣ መዝጊያው፣ መክፈቻው ሁሉ የሰፈረው በጠርዙ ላይ ነው። አይጥ ይዞ ለሚሠራ ሰው ጠርዝ የተመቸ ቦታ ነው፤ ጠቋሚው ሄዶ ይቆምበታልና ማነጣጠር አያስፈልገውም። ፊልም ሠሪው የማይረባውን የሚጥልበትን ቦታ ኮምፒውተር ሠሪው ዋና ዋናውን ያስቀምጥበታል። ግጭቱ የተወለደው እዚህ ነው።

የያኔዎቹ መሐንዲሶች ግን ችግሩን ያውቁት ነበር። የስፔክትረም ምስል 192 መስመር ብቻ ነበረው፤ የአውሮፓው ቴሌቪዥን ደግሞ በአንድ ዙር 288 ያህል የሚታዩ መስመሮች ይጽፋል። የቀሩት 96 መስመሮች፣ የቁመቱ ሲሶ ማለት ነው፣ ምንም የማይጻፍበት ባለ ቀለም ክፈፍ ሆኑ። ኮሞዶር 64ም እንዲሁ በሰፊ ክፈፍ የተከበበ ነበር። በዚያ ዘመን ማኅደረ ትውስታ ውድ ስለነበር ምስሉን ማሳነስ ቁጠባም ነበር። ያም ሆነ ይህ ውጤቱ አንድ ነው፤ ቴሌቪዥኑ የፈለገውን ያህል ቢቆርጥ የሚቆርጠው ባዶውን ክፈፍ ነው። እንግዳው የቤቱን ልማድ ለምዶ ጫማውን በር ላይ አወለቀ።

በሌላ በኩል አይቢኤም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ለቢሮ ሥራ የራሱ ሞኒተር ነበረው። ሞኒተር ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ዓይነት ቱቦ የሚሠራ ቢሆንም ጠባዩ የተለየ ነበር። ምስሉን ከመስታወቱ አሳንሶ፣ ዙሪያውን ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ትቶ፣ ሙሉውን ያሳያል። ምስሉ ቢንሸራተት ባለቤቱ የሚያስተካክልበት ማዞሪያ ተበጅቶለታል። በዚህ መንገድ ሁለት ቤተሰቦች ተለያዩ። የሳሎኑ ይቆርጣል፤ የቢሮው አይቆርጥም። ገመዳቸው የተለያየ፣ ገበያቸው የተለያየ ስለነበር ለሃያ ዓመት ያህል ሳይጋጩ ኖሩ።

4. ጅብ ከሄደ በኋላ

ከዚያ ጠፍጣፋው ስክሪን መጣ። ኤልሲዲም ሆነ ፕላዝማ በጨረር አይጽፍም። ስክሪኑ ፒክስል በሚባሉ ቦታቸው በማይለወጥ ነጥቦች የተሠራ ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ስክሪን በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት፤ በድምሩ 2,073,600 ይሆናሉ። መብራት ቢዋዥቅ አይኮማተሩም፤ ትዕይንቱ ቢደምቅ አያብጡም፤ በአሥር ዓመት ዕድሜ አንዲት ነጥብ እንኳ ከቦታዋ ፈቀቅ አትልም። የሚንቀጠቀጠው ብዕር ተጥሎ የቆመ ሰሌዳ ተተካ። ኦቨርስካን የተፈለሰፈበት ምክንያት በዚያው ቀን ሞተ።

ልማዱ ግን ቀጠለ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ለልማዱ መቀጠል ሰበብ አልጠፋም። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች የድሮውን ሥርጭትና የድሮውን ካሴት ማሳየት ነበረባቸው፤ የድሮው ምስል ጠርዝ ደግሞ ለሃምሳ ዓመት የተጠራቀመ ጉድፍ አለበት። አንድ አምራች ቀድሞ ሙሉውን ምስል ቢያሳይ ገዢው በላይ በኩል የሚብለጨለጩ ነጠብጣቦችን፣ በታች በኩል የተጣመመ ክር ያያል፤ «ይሄኛው ቴሌቪዥን ብልሽት አለው» ብሎ የሚቆርጠውን ይገዛል። ስለዚህ ማንም ቀዳሚ መሆን አልፈለገም። ድሮ በቱቦው ጠባይ ይሆን የነበረው ቁርጥ አሁን ሆን ተብሎ በስሌት የሚሠራ ሆነ። ቴሌቪዥኑ የመጣለትን ምስል በጥቂቱ ይለጥጠዋል፤ ከስክሪኑ ያለፈውን ይጥላል።

በዚህ መሐል በ2002 መጨረሻ ሶኒ፣ ፊሊፕስ፣ ቶሺባ፣ ሂታቺና ሌሎች ኩባንያዎች በጋራ ኤችዲኤምአይን ይፋ አደረጉ። አንድ ቀጭን ገመድ ምስልንም ድምፅንም ያለ ብክነት ያመላልሳል። ለሃያ ዓመት የተራራቁት ሁለቱ ቤተሰቦችም በአንድ ቀዳዳ መግባት ጀመሩ። የዲሽ ሪሲቨሩም፣ ላፕቶፑም፣ የጨዋታ መሣሪያውም የሚልኩት ያንኑ 1920 በ1080 ምስል ነው። ከቴሌቪዥኑ በኩል ሲታይ ሁሉም ይመሳሰላሉ። የትኛው ሊቆረጥ የሚችል ፊልም፣ የትኛው ሊቆረጥ የማይገባው ሰነድ እንደሆነ በምን ይለይ?

የደረጃው አርቃቂዎች ጥያቄውን አላዩትም ማለት አይቻልም። ከኤችዲኤምአይ ጀርባ ያለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ መመዘኛ የምስል መጠኖችን ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ የቴሌቪዥን መጠኖችና የኮምፒውተር መጠኖች ብሎ። የቴሌቪዥኖቹ ይቆረጣሉ ተብሎ ይታሰባል፤ የኮምፒውተሮቹ በሙሉ ይታያሉ። ችግሩ 1920 በ1080 በቴሌቪዥኖቹ መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ኮምፒውተር ይህን መጠን በላከ ቁጥር እንደ ፊልም ይቆጠራል። ይህን ለማረም በገመዱ ውስጥ ከምስሉ ጋር የምትሄድ አጭር መልእክት አለች። በዚያች መልእክት ውስጥ ሁለት ቢቶች ብቻ «ይህ ምስል የተሠራው ተቆርጦ እንዲታይ ነው» ወይም «ሙሉ ሆኖ እንዲታይ ነው» ብለው መናገር ይችላሉ። ሦስተኛም ምርጫ አላቸው፤ «መረጃ የለም» የሚል። ላኪው ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ይልካል፤ ተቀባዩም ብዙ ጊዜ መልእክቷን አያነባትም። ላኪው ዝም ሲል ተቀባዩ በአያቱ ልማድ ይፈርዳል።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ቴሌቪዥን ከወርዱም ከቁመቱም አምስት በመቶ ይቆርጣል እንበል፤ በየጎኑ ሁለት ተኩል በመቶ ማለት ነው። ከ1920 በ1080 ውስጥ የሚተርፈው 1824 በ1026 ነው። 202,176 ነጥቦች፣ ከጠቅላላው አሥር በመቶ ግድም፣ ተጥለዋል። ከግርጌ የሚጠፋው 27 መስመር ነው። የዊንዶውስ 7 እና የዊንዶውስ 10 ታስክባር በመደበኛ መጠኑ 40 መስመር ቁመት ስላለው ከእሱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይሄዳል ማለት ነው። የሰዓቱ ቁጥር አናቱ ብቻ የሚታየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ስውር ነው። የተረፉት 1026 መስመሮች 1080 መስመር ባለው ስክሪን ላይ ሲለጠጡ አንዱ ነጥብ ከአንዱ ጋር መግጠሙ ይቀራል። አንድ ፊደል የተሠራባቸው ጥርት ያሉ ነጥቦች በጎረቤት ነጥቦች ላይ ይፈሳሉ። ፊልም ላይ ይህ አይታወቅም። በጽሑፍ ላይ ግን ፊደሉ ብዥ ይላል፤ ቀጭኑ የሰንጠረዥ መስመር አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። «ቴሌቪዥን ለኮምፒውተር ዓይን ያደክማል» የሚለው ወሬ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ዓይን የሚያደክመው በብዙ አጋጣሚ ስክሪኑ ሳይሆን ይህ መለጠጥ ነው።

5. መቀሱን ከያዘው እጅ

መፍትሔው ከታሪኩ ይከተላል። የሚቆርጠው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቴሌቪዥኑ ነው። በሪሞቱ ወደ ሴቲንግ፣ ከዚያ ወደ ምስል፣ ከዚያ ወደ ምስል መጠን ወይም ወደ ስክሪን ክፍል ሲገባ ቁርጡን የሚያጠፋ ምርጫ በአብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ይገኛል። አስቸጋሪው ስሙ ነው። ሳምሰንግ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን» ይለዋል። ኤልጂ «ጀስት ስካን» ይለዋል። ሶኒ «ፉል ፒክስል»፣ ሻርፕ «ዶት ባይ ዶት» ብለውታል። በአንዳንድ የፓናሶኒክ ሞዴሎች «ሳይዝ 1» እና «ሳይዝ 2» ተብሎ ተቀምጧል፤ የመጀመሪያው ይለጥጣል፣ ሁለተኛው ሙሉውን ያሳያል። ከስሙ ተነስቶ ይህን የሚገምት ሰው የለም። ሌሎች ዘንድ ደግሞ በግልጽ «ኦቨርስካን» ተብሎ ይጻፋል፤ ማጥፋት ብቻ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች፣ በተለይ በሳምሰንግ ብዙ ሞዴሎች፣ ገመዱ የተሰካበት ቀዳዳ ስያሜው «ፒሲ» ተብሎ ሲቀየር ቴሌቪዥኑ ከሳሎን ጠባዩ ወጥቶ የሞኒተር ጠባይ ይይዛል፤ መቁረጡንም ይተዋል። በድሮ ሞዴሎች ላይ ለኮምፒውተር ወይም ለዲቪአይ ተብሎ የተለየ ቀዳዳ ካለ ገመዱን ወደዚያ ማዛወር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ።

ቴሌቪዥኑ ምርጫውን ጨርሶ ካልሰጠ ወደ ኮምፒውተሩ ይኬዳል። የኤንቪዲያ መቆጣጠሪያ የዴስክቶፕን መጠንና ቦታ የሚያስተካክል ክፍል አለው። ኢንቴል ስኬሊንግ በሚለው ሥር፣ ማክ ደግሞ በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አላቸው። ኤኤምዲ የራሱ ታሪክ አለው። ቴሌቪዥን ይቆርጣል ብሎ ስለሚጠብቅ ለዓመታት ምስሉን አስቀድሞ አሳንሶ ይልክ ነበር። የማይቆርጥ ቴሌቪዥን ሲገጥመው ዙሪያውን ወፍራም ጥቁር ክፈፍ ይቀራል። እዚያ መፍትሔው ስኬሊንግ የሚለውን ማንሸራተቻ ወደ ዜሮ መመለስ ነው። በ2012 የወጣችው ራስበሪ ፓይ የተባለችው ትንሽ ኮምፒውተርም እንዲሁ በየጎኑ የሚተወውን ጠርዝ ባለቤቱ በጽሑፍ ፋይል ውስጥ በቁጥር እንዲያዝዝ ታደርግ ነበር። አዲስ የተወለደች ኮምፒውተር የሞተ ቱቦን ጠባይ ከነሚስጥሩ ተምራ ወጣች።

ቅደም ተከተሉ ለምን አስፈለገ? በኮምፒውተሩ በኩል ማስተካከል ማለት ኮምፒውተሩ ምስሉን ያሳንሳል፣ ቴሌቪዥኑ መልሶ ይለጥጠዋል ማለት ነው። ጠርዙ ይመለሳል፤ ጥራቱ ግን አይመለስም። ምስሉ ሁለት ጊዜ ታሽቷልና ፊደሉ ከበፊቱ የባሰ ይደበዝዛል። በቴሌቪዥኑ በኩል ሲጠፋ ግን እያንዳንዱ የኮምፒውተር ነጥብ በእያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ ላይ በቀጥታ ያርፋል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። አራቱ ማዕዘኖች በሙሉ ይታያሉ፤ ትንንሽ ፊደላትም ያለ ጥላ ጥርት ብለው ይነበባሉ። ጠርዙ ታይቶ ፊደሉ ብዥ ካለ አንድ ቦታ ላይ አሁንም የሚለጥጥ አለ ማለት ነው።

6. ዕዳው የማን ነው?

ነገሩ ቀስ በቀስ እየተሻሻለ ነው። የመሐንዲሶቹ ማኅበር በ2009 ለሰፊው ስክሪን ባወጣው መመሪያ የድርጊቱን ክልል ወደ 93 በመቶ፣ የጽሑፉን ወደ 90 በመቶ አሰፋ። ጠርዙ እንደሚቆረጥ ግን አሁንም ይታሰባል። በዚያው ዓመት የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ላኪው «ይህ ጨዋታ ነው፣ ይህ ፎቶ ነው፣ ይህ ሲኒማ ነው» ብሎ የሚናገርበትን ቋንቋ ጨመረ። ዛሬ ባለ 4ኬ ምስል በአብዛኛው ሳይቆረጥ ይታያል። እንዲያም ሆኖ ለአንድሮይድ ቲቪ መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች በየጠርዙ አምስት በመቶ ባዶ እንዲተዉ ይመከራሉ። ቱቦው ከገበያ ወጥቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ፍርሃቱ ግን በመመሪያ ተጽፎ ቀርቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የ1940ዎቹ መሐንዲስ ትክክል ነበር። ጠርዙን ባዶ የተወው ጣቢያም ትክክል ነበር። ቀድሞ ሙሉውን ምስል ለማሳየት የፈራው አምራችም ከገበያው አንጻር የሚያስወቅሰው የለም። እያንዳንዱ በየቦታው ምክንያታዊ ነበር። የሁሉም ምክንያታዊነት ሲደመር ግን ማንም ያልወሰነው ውሳኔ ወጣ፤ አዲሱ ማሽን የአሮጌውን ሕመም እንዲታመም። ዕዳው ደግሞ ያረፈው ከሁሉም ያነሰ መረጃ ባለው ወገን ላይ ነው። ስምምነቱ ሲደረግ ባልነበረው፣ ስሙን ሰምቶ በማያውቀው፣ በአዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሪሞት ይዞ በቆመው ተጠቃሚ ላይ።

የቁርጡ ትልቁ ክፋት ዝም ማለቱ ነው። ቴሌቪዥኑ «ከዚህ ምስል አሥር በመቶ አስቀርቻለሁ» ብሎ አይጽፍም። የተቆረጠው ታስክባር ከሆነ ሰው ይነቃል። የተቆረጠው የሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ፣ ድምሩ ያለበት፣ ከሆነ ግን ማንም ሳያውቅ ስብሰባው ያልቃል። ማየት እንደጎደለው የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ ሙሉ ያየ የሚመስለው አይጠይቅም።

ደንብ ሲወጣ ለምን እንደወጣ አብሮ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው። «ጠርዙ ይቆረጥ» ብቻ ተብሎ የተላለፈ ትእዛዝ ለዘላለም ይቆረጣል። «ጨረሩ ስለማይጸና ጠርዙ ይቆረጥ» ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ ግን ጨረሩ የጠፋ ቀን ራሱን ይሽራል። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥም ምክንያታቸው ተረስቶ ትእዛዛቸው ብቻ የቀረ መስመሮች ሞልተዋል። እስኪሻሩ ድረስ የተጠቃሚው ድርሻ ሪሞቱን አንስቶ ሜኑ ውስጥ መግባትና ያለ ስሙ የተቀመጠውን ምርጫ መፈለግ ነው። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ አስቸጋሪው ምርጫው መኖሩን ማወቅ ነው።